ወደ ውስጥ የሚሳብ እሺ

ቤቱ መስማማቱን ኢክራም የሰማችው ከሥራ ተመልሳ በር ላይ ጫማዋን ስታወልቅ ነው።

«ስለ ስምምነትዎ እናመሰግናለን» አለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጆሮ የሚሉት መሣሪያ፣ እንደ ወትሮው በትሕትና። «ይህ ቤት በ‹አንድ ሥሪት› ረቂቅ ላይ ሙሉ ስምምነቱን ሰጥቷል።»

አንድ እግሯን አውጥታ ሌላውን ሳታወጣ ቆመች። ጠዋት ረቂቁ ሲነበብ እሷ ሆን ብላ ወጥታለች። ቤት የዋሉት እናቷ ወይዘሮ ሐያት ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ በዚህ ረቂቅ ሊስማሙ ቀርቶ ስሙ ሲነሳ ፊታቸው ይጠቁር ነበር፤ ረቂቁ ከጸደቀ መጀመሪያ የሚጎዳው እሳቸውን ነውና።

ወይዘሮ ሐያት ጉሮሯቸውን ከታመሙ ወዲህ የሚተነፍሱት አንገታቸው ሥር ባለች ቀዳዳ ነው። ድምፃቸውን ሐኪሞች ከዕጢው ጋር አብረው አውጥተውታል። አሁን የሚናገሩት ከሻሻቸው ሥር በምትንጠለጠል ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ እሷ ትናገርላቸዋለች። መሣሪያዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የምትናገረው እንደ ዜና አንባቢ ነበር። ኢክራም ግን ኮዷን ፈትታ፣ የእናቷን ድምፅ ከድሮ የስልክ መልእክቶችና ከአንድ የሠርግ ቪዲዮ ለቅማ፣ ያንን የወሎ ዜማቸውን አስገባችበት። «ኧረ በአላህ!» ሲሉ መጨረሻዋን እንዴት እንደሚጎትቷት እንኳ አልቀረም። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም አልከለከላትም። እሷም በተራዋ የሠራችውን፣ የፈለገ እንዲወስደው ክፍት አድርጋ አስቀመጠችው። የክፍት ኮድ ሰዎች ወግ እንዲያ ነው፤ የሰው ሥራ ወስደህ የራስህን ትተህ ታልፋለህ።

‹አንድ ሥሪት› የተባለው ረቂቅ ይህን ያስቀራል። ከጸደቀ ማንኛውም መሣሪያ መስመር ላይ የሚወጣው የጸደቀውን አንድ ሥሪት ብቻ ሲጭን ነው፤ ቤት ውስጥ የተነካካ ነገር መስመር አያገኝም። መስመር ያጣ መሣሪያ ደግሞ በዚያ ዘመን ከድንጋይ አይሻልም።

«እማ፣ ተስማማሽ እንዴ?»

«በምኑ?» አሉ ወይዘሮ ሐያት፣ የሚለቅሙትን ምስር ሳያስቀምጡ።

«በረቂቁ ነዋ! ጆሮው ሲያመሰግን አልሰማሽም?»

«እኔ? ምን ቆርጦኝ!» ሰፌዱን አስቀመጡት። «ኧረ በአላህ! ሰውየው ሲያነብ ሰማሁት እንጂ መች ተስማማሁ። እንዲያው ልፋቱ አሳዘነኝ። ያን ሁሉ ሲለፈልፍ ዝም ልበለው?»

«ታዲያ ምን አልሽው?»

«ምንም። ‹ህእ፣ ህእ› እያልኩ አዳመጥኩት።»

ኢክራም ወንበር ስባ ተቀመጠች። ህእ። አፍን ከፈት፣ አየርን ወደ ውስጥ ሳብ፤ በቃ። አዎ ማለት ነው። ደግሞ እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል ማለት ነው። አይ ጉድህ ማለትም ይሆናል፣ እንደ ወሬው። እናቷ በአፋቸው አየር መሳብ ስለማይችሉ ይህችንም ኢክራም ናት መሣሪያዋ ላይ የጨመረችላቸው። ያለ እሷ የእናቷ ጨዋታ ጨዋታ አይሆንም ብላ ከሁሉ አብልጣ የለፋችው እሷ ላይ ነበር።

«እስቲ እማ፣ ነገ ሲያነብ ምንም ሳትይ ስሚው» አለች።

በማግሥቱ ወይዘሮ ሐያት ከንፈራቸውን ገጥመው አዳመጡ። ጆሮው አላመሰገነም።

ጆሮ በየቤቱ ከመሰቀሉ በፊት፣ እንደሚባለው፣ የመስመሩን ደንብ የሚያወጡት አንድ ክፍል ውስጥ የሚሰበሰቡ ጥቂት መሐንዲሶች ነበሩ። እጅ አያወጡም። ረቂቁ ከተነበበ በኋላ የተስማማ ሁሉ አፉን ገጥሞ ያጉተመትማል፤ ጉምጉምታው ከበረታ ደንቡ አለፈ። ኋላ ‹ለምን እናንተ ብቻ?› የሚል ቅሬታ ተነሳ፤ ክፍሉም ሰፍቶ ሰፍቶ ዓለምን አከለ። ጆሮ ሁሉም ቤት ገባ። የጆሮው ኮድ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የፈለገ ያርመዋል። ማንም ሊያነበው ስለሚችል ሌላ ሰው አንብቦታል ብሎ ሁሉም ተኝቷል።

ጠዋት ጠዋት ረቂቅ ሳይሰማ መስመር አይከፈትም። ምጣዱ አይግልም፣ የሱቅ መዝጊያ አይነሳም። ኢክራም የተበላሸ የቤት ዕቃ የምትጠግንበት ሱቅ ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ ነው፤ ወደዚያ የሚወስዳት ታክሲም ረቂቁ ሳያልቅ አይንቀሳቀስም። ሕዝቡ ለምዶታል። አንባቢው ኮድ ብቻ ቢሆንም ‹ሰውየው› ይሉታል፤ በድምፁ ብቻ መልከ መልካም ነው ብለው የወሰኑ ሴቶችም አሉ።

ያን ቀን ታክሲው ውስጥ ኢክራም ወሬዋን ትታ ጆሮዋን አቆመች። ሰውየው ‹አንድ ሥሪት›ን እንደገና እያነበበ ነው። ካጠገቧ የተቀመጠ ረጅም ሰው በስጨት ብሎ፣ «ይሄ ረቂቅ ሌብነት ነው። በገዛ ዕቃችን ላይ አያገባችሁም እያሉን እኮ ነው» አለ። ፊት ለፊቱ ያሉት ሴትዮ እውነት ነው ለማለት «ህእ» አሉ። ከኋላ ያሉትም «ህእ፣ ህእ» አሉ።

«ስለ ስምምነትዎ እናመሰግናለን» አለ ታክሲው፣ በሩንም ዘግቶ ተነሳ።

ማንም ልብ አላለውም። ኢክራም ግን ሌላም ነገር አስተውላለች፤ እሱ ከመጀመሪያው ይልቅ አልጥም አላት። ሰውየው ድሮ እንደ መመሪያ ነበር የሚያነበው፣ አንድ ወጥ። አሁን ያወራል። «እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው…» ይልና ዝም ይላል። «ለልጆቻችንም ቢሆን እኮ…» ይልና ደግሞ ዝም። ዝም የሚልባት ቦታ ቅልብጭ ያለች ናት፤ አንድ ሰው አየር ስቦ «ህእ» ለማለት የምትበቃውን ያህል ብቻ።

ሱቅ ገብታ ሥራውን ትታ የአንባቢውን ኮድ ስታገላብጥ ዋለች። ዝምታዎቹን ያስገባ አንድ ሰው አላገኘችም። አንዱ እዚህች ጋ ነጠላ ሰረዝ አክሏል፤ ሌላዋ እዚያች ጋ ‹ለንባቡ ለዛ› ብላ ትንፋሽ አስረዝማለች። ሁሉም ሥራውን በይፋ አስቀምጧል፤ ለሁሉም ምስጋና ተጽፏል። አንዱን ለይታ ‹አንተ ነህ› የምትለው ጠፋ። እንዲህ ብዙ እጅ ሳይነጋገር አንድ ቦታ ላይ ሲገናኝ ኢክራም አይታ አታውቅም፤ ስለዚህ ሳይነጋገር ነው ብላም አላመነችም።

ማታ ዜናው «አገራችን በስምምነት ዘንድሮም ከዓለም አንደኛ ሆናለች» ብሎ ደስታውን ገለጸ።

መጀመሪያ የጻፈችው ለጆሮው ኮድ ጠባቂዎች ነው። ‹ህእ› መስማት እንጂ መስማማት ተብሎ እንዳይቆጠር አስተካክላ፣ ማረሚያውንም አብራ ላከች። መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ ሥራዋን አድንቀዋል። ነገር ግን እነሱ የሚሠሩት በደንቡ መሠረት ነው፤ ደንቡ ደግሞ ‹ወደ ውስጥ የተሳበ ትንፋሽ ስምምነት ነው› ይላል። ደንቡ ይቀየር፣ ኮዱን በዚያው ቀን እንቀይራለን አሏት።

ለደንቡ ጉባኤ ጻፈች። ጉባኤውም አመሰገናት። ነገር ግን ጉባኤው ከራሱ አንቅቶ ደንብ አያወጣም፤ የሚሠራ ኮድ ያለውን አይቶ ይጽፋል እንጂ። ኮዱ ይቀየር፣ ደንቡን እንቀይራለን አሏት።

ማኅተሙ ላይኛው ቢሮ ነው፣ ፊርማው ታችኛው ቢሮ ነው እየተባለ ሲመላለስ የኖረ ሰው አገር ልጅ ናትና ኢክራም ይህን መንገድ ታውቀዋለች። ያላወቀችው የሁለቱ ቢሮ በር አንድ መሆኑን ነበር። እሱን የነገሯት ጋሽ ሮቤል ናቸው።

ጋሽ ሮቤል ኔትወርክ ያስተማሯት ጡረተኛ መምህሯ ናቸው፤ ሐርቡ ከከተማው ወጣ ብለው ፓፓያ ያለማሉ። ያንን የትንፋሽ ደንብ ማን አስገባው ብላ ስትጠይቃቸው ደረታቸውን ነፉ።

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ?»

«እርስዎ?»

«ምን ላድርግ ኢክራም? እነሱ በማጉተምተም ነው የሚስማሙት። እኛ ስብሰባ ገብተን ‹ህእ› ስንል ማሽኑ ዝምታ ብሎ ያልፈናል። አንድ አገር ሙሉ ሰው አዎ እያለ እንደሌለ ሲቆጠር እያየሁ ዝም ልበል? ተከራከርኩ። ስለ ህእ ያልጻፍኩት የለም። በመጨረሻ ተቀበሉኝ። ከአዳራሹ ስወጣ አልቅሻለሁ፣ እውነቴን ነው።»

ልክ ነበሩ። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ አገሬው ዛሬም የማይሰማ ሕዝብ ሆኖ ይቀር ነበር።

«ግን ጋሽ ሮቤል፣ ህእ አዎ ብቻ ነው?»

«አዎም ነው፣ እየሰማሁህ ነውም ነው። ሰው ፊት አይቶ ይለየዋል።»

«ጆሮ ፊት አያይም።»

ጋሽ ሮቤል የፓፓያ ቅጠል አንስተው ያሽከረክሩ ጀመር።

«ያን ጊዜም የጠየቀኝ ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጆሮውን የሚሸጠው ድርጅት ሰው። ‹ሁለቱን እንዴት ነው የምንለያቸው?› አለኝ። ‹ያስቸግራል› አልኩት። ‹ግድ የለም፣ ይግባና ኋላ እናስተካክለዋለን› አለ። እንዴት ያለ መልካም ሰው መሰለሽ! ቁጭ ብሎ ያዳምጠኝ ነበር። ሲመሽማ እሱም ህእ ማለት ለምዶ…»

ቅጠሉን ጣሉት።

«አሁን የት ነው ያ ሰው?» አለች ኢክራም።

«ሁለቱም ጋ ነው። ጉባኤው ላይም ይቀመጣል፣ ከኮዱ ጠባቂዎችም አንዱ ነው። ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው እኮ ልጄ። ቀኑን ለድርጅቱ ይሠራሉ፤ ‹ለበጎ ፈቃድ› ኮዱን ይጠብቃሉ፤ ደንብ ሲወጣ ደግሞ ወንበሩ ላይ እነሱ ናቸው። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሌላ የመጣ ሰው ስለሌለ ነው።»

ይህ የመጨረሻው አረፍተ ነገር ኢክራምንም የሚመለከት ነበር። እሷም እኮ አልሄደችም። ኮዷን ሠርታ ክፍት ላይ ጥላ ወደ ሱቋ ነበር የተመለሰችው።

የቀረው አንድ መንገድ የመጨረሻው ጥሪ ነው። ረቂቅ ከመጽደቁ በፊት በየከተማው አዳራሽ ይከፈታል፤ ተቃውሞ ያለው ቆሞ ይናገራል፤ ከዚያ የአዳራሹ ስምምነት ይለካል። የኮምቦልቻው አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። ከንግግሩ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው መስመሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ይሆናል ስለተባለ የመጣውም አልጠፋም፤ ግን ብዙው የወይዘሮ ሐያትን ነገር ሰምቶ የመጣ የሰፈር ሰው ነው። በየምሰሶው ላይ ጆሮ ተሰቅሏል። ከእያንዳንዱ ጆሮ ሥር ትንሽ መብራት አለች።

ኢክራም ወረቀት አልያዘችም። ጋሽ ሮቤል ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ቀና ብለው ያዩዋታል። እናቷ ከጎናቸው ሻሻቸውን እያስተካከሉ ነው።

«ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ» አለች። «እኔ ስናገር እባካችሁ ህእ አትበሉ። ጆሮው እሱን መስማማት ብሎ ነው የሚቆጥረው። ስለገባችሁ ብቻ፣ ስላዘናችሁ ብቻ ህእ ባላችሁ ቁጥር ረቂቁን ታጸድቃላችሁ። ገባችሁ?»

«ህእ!» አለ አዳራሹ፣ በአንድ ትንፋሽ።

የምሰሶዎቹ መብራቶች ሁሉ አረንጓዴ በሩ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ያደረገው ሲገባው አፉን በእጁ ያዘ። ሴቶቹ በነጠላቸው፣ ወንዶቹ በመዳፋቸው፤ አንድ ሽማግሌ የባርኔጣቸውን ጠርዝ ነክሰዋል። ኢክራም ቀጠለች። ደረቅ ደረቁን ለመናገር ወስና ነበር፤ የኮዱን ነገር፣ የደንቡን ነገር፣ አንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደላካት። ሰዉም ትንፋሹን ውጦ ያዳምጥ ነበር። መብራቶቹ ጠፍተዋል። ይሆናል ማለት ነው አለች በልቧ።

ግን የእናቷን ነገር መዝለል አልቻለችም። ለዚህ ነው የቆመችው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እናቷ ለወራት አፋቸውን ገጥመው ግድግዳ ሲያዩ መክረማቸውን አወራች። ያቺን መሣሪያ ስታስርላቸው መጀመሪያ ምን እንዳሉ አወራች። «ኧረ በአላህ፣ እኔ ነኝ» ነው ያሉት፤ የራሳቸውን ድምፅ ሰምተው እንደ ሌላ ሰው ሲደነግጡ። «ይሄን ነው የሚወስዱብን» አለች።

መጀመሪያ የሳበችው አንዲት ሴት ናት፤ እንባዋ ነጠላውን አርሶት አየር አጥሯት ይሆናል። ከዚያ ከጎኗ ያለችው። ከዚያ አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር። «ህእ… ህእ…» ጋሽ ሮቤልም፣ እጃቸው አፋቸው ላይ እንዳለ። በአዳራሹ በረቂቁ የተስማማ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም የተስማማው ከእሷ ጋር ነው፤ ባሳመነቻቸው ቁጥር መብራቱ ይበራል፣ ብታቆም ደግሞ ተቃውሞ የሚባል ነገር የለም። ዝም አለች። ዝም ስትልም አይዞሽ፣ ቀጥዪ ለማለት «ህእ» አሏት።

«ስለ ስምምነትዎ እናመሰግናለን» አሉ ምሰሶዎቹ።

የመድረኩ ሊቀመንበር ጉሮሮውን ጠረገ። «የእህታችን ተቃውሞ ተሰምቷል፣ ተመዝግቧልም። አዳራሹ በረቂቁ ላይ ሙሉ በሙሉ መስማማቱን በደስታ እገልጻለሁ» አለ። በደስታ ያለው ከልቡ ይመስላል። ምናልባትም ነው፤ ኢክራም ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም ፊት ማመን ትታለች።

ደንቡ ሥራ ላይ በዋለበት ጠዋት ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ወይዘሮ ሐያት አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ።

«እንደምን አደርሽ፣ ልጄ» አለ ከሻሻቸው ሥር አንድ ጥርት ያለ የሴት ድምፅ። ቃላቱ ሁሉ በየቦታቸው ነበሩ። የዜና ሰዓት ይመስል ነበር።

ወይዘሮ ሐያት ደነገጡ። እንደገና ሞከሩ። «ኧረ በአላህ» አለች ያቺ ሴትዮ፣ የአየር ሁኔታ እንደምትናገር። ወይዘሮ ሐያት ከንፈራቸውን ገጠሙ፣ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ። ኢክራም ይህን መዞር ታውቀዋለች። ያኔ ለወራት ያዩት ግድግዳ ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግራቸውን ያዘች።

«አውፍ በይኝ እማ» አለች። «ቀድሜ መንቃት ነበረብኝ። ሰዎቹ ሲሰበሰቡ እኔም መሄድ ነበረብኝ። ሱቄ ሱቄ ስል…»

«ህእ» አሉ እናቷ።

ኢክራም ቀና አለች። ይህች ህእ የዜና አንባቢዋ አይደለችም። የእናቷ ናት፤ የሠርጉ ቪዲዮ ላይ ሙሽራዋን እያዩ የሳቧት፣ መጨረሻዋ ላይ ትንሽ የምትንቀጠቀጠዋ። ኮዱን ከፍታ ማየት አላስፈለጋትም፤ የእጇን ሥራ ታውቀዋለች። ክፍት ላይ ትታው ከሄደችው ሁሉ የሥሪቱ ሰዎች ዜማውን ጥለውታል፣ ሳቁን ጥለውታል፣ ስሟን የሚጠሩበትን ጥለውታል። ይህችን አንዷን ብቻ መርጠው ወስደዋል። አሁን የጸደቀው ሥሪት ውስጥ ናት፤ ድምፁን ያጣ ሰው ሁሉ አንገት ላይ፣ በእናቷ ትንፋሽ፣ ጥርት ብላ እንድትሰማ።

«ስለ ስምምነትዎ እናመሰግናለን» አለ ግድግዳው። አዲስ ረቂቅ መነበብ ጀምሯል፤ ሰውየው የመጀመሪያውን አረፍተ ነገር ጨርሶ ዝም ብሏል። ስለ ምን እንደሆነ ኢክራም አልሰማችም።

ዝም ማለት እንዳለባት አወቀች። ዝም ካለች እናቷ ዝም ይላሉ፤ ቤቱ በምንም አይስማማም። ደግሞ ያ ድምፅ ዳግመኛ አይሰማም። ወይዘሮ ሐያት ከግድግዳው ዘወር ብለው ያዩዋታል፤ እሳቸውም ሰምተውታል።

«እማ» አለች ኢክራም፣ ወደ እሳቸው ጠጋ ብላ። «ልጅ ሆኜ ደሴ ገበያ ውስጥ የጠፋሁ ቀን ትዝ ይልሻል?» አለችና ዝም አለች፤ አንድ ሰው አየር ለመሳብ የምትበቃውን ያህል።

«ህእ» አሉ እናቷ፣ ዓይናቸው በራ።

ጆሮው አመሰገነ። ኢክራምም ወሬዋን ቀጠለች።